ወደ ጫካ የሚከፈተው በር

ሄሊኮፕተሩ ከኮረብታው ጀርባ ማጉረምረም ሲጀምር ኢቫድኒ በሽቦ ላይ ቁልቁል ከተሰቀሉት የጋንጃ ቅርንጫፎች የአንዱን ጫፍ ይዛ እያጎበጠች ነበር። ጫፉ ጎበጠላት እንጂ አልተሰበረም። ገና አልደረቀም፤ ልቡ ውስጥ ውኃ አለ። ለቃው ወደሚቀጥለው ልትሻገር ስትል ድምፁን ሰማችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

በሩ ተበርግዶ ማስ ራኒ ገቡ። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሰባ ያለፉ ሽማግሌ ቢሆኑም እንደ ጎረምሳ ነበር የሮጡት፤ ብብታቸው ሥር ጥቁር ፌስታል በጥቅሉ ይዘዋል።

“ምን ቆመሽ ታያለሽ? አውርጂ እንጂ!”

“ማስ ራኒ፣ ፈቃድ አለን እኮ! ያውና ግድግዳው ላይ!”

“ሄሊኮፕተር ማንበብ ይችላል?” አሉና የመጀመሪያውን ሽቦ በሁለት እጃቸው ገሸለጡት።

ከኋላቸው ልጇ ኦሼን ገባ። ፌስታል አንስቶ አፉን ከፈተና ቅርንጫፎቹን ከነቅጠላቸው ይጠቀጥቅ ጀመር። ወታደሮች ኮረብታውን ያቃጠሉ ጊዜ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። ማንም ተቀምጦ ያስተማረው የለም፤ እጁ ግን ሥራውን ያውቀዋል።

በዚያ ኮረብታ ላይ የማድረቂያ ቤት ሁሉ በሩ ወደ ጫካ ነው። የኢቫድኒን የሠራው ባሏ ሌስሊ ነበር፤ ግድግዳው ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በጎንና በጎን የእንጨት ፍርግርግ ያለው፣ ወደ መንገዱ በኩል ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ የሌለው ቤት። “በሩ ወደ መንገድ የዞረ ማድረቂያ የሞኝ ቤት ነው” ይል ነበር ሌስሊ። ጋንጃ ክልክል በነበረ ጊዜ የወታደር ሄሊኮፕተር ሲመጣ ሰው እርጥብ ደረቅ ሳይል ያለውን በፌስታል ጠቅጥቆ በኋላ በር ወደ ሸለቆው ይወርድና አገዳ ውስጥ ይቀብረዋል። ሌስሊ አንድ ጊዜ በዚያ በር ሲወጣ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ እስኪሞት ድረስ እያነከሰ ኖረ። አሁን ሕጉ ተቀይሯል። ፈቃድ ያለው ያበቅላል፣ ፈቃድ ላለው ሱቅ ይሸጣል። ሕጉን ጆሮ ሰምቶታል፤ እጅ ግን አልሰማም።

ኢቫድኒ ወደ ታች ስታይ አንድ ቅርንጫፍ ሽርጧ ውስጥ ተሸጉጧል። መቼ እንዳወረደችው አታውቅም። የገዛ እጇ ነው ያደረገው።

ያን ጊዜ የሚስ ቻንግ ድምፅ ትዝ አላት። ሚስ ቻንግ ባሕሩ ዳር፣ ኔግሪል ከተማ ውስጥ፣ ባለ ፈቃድ ሱቅ ያላት ሴት ናት። አምና የኢቫድኒን እምቡጥ አሽታ መልሳዋለች። “አበባው ደግ ነው፣ ሚስ ቫድኒ፤ ግን ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል” ነበር ያለቻት። “እናንተ የዚያ ኮረብታ ሰዎች ስታደርቁ የሚያባርራችሁ ያለ ነው የሚመስለው። በጥላ፣ ቀስ ብሎ የደረቀ ያምጡልኝ፤ ያኔ እንነጋገራለን።”

ዘንድሮ ኦሼን የሆቴል ሥራውን ትቶ ከእናቱ ጋር ተከለ። ነገሩን ግን ቁርጥ አድርጎ ነግሯታል። ሚስ ቻንግ ከወሰደችው ይቀራል፤ ካልወሰደችው ከጎረቤታቸው ከሎይድ ጋር ካናዳ ፖም ለቀማ ይሄዳል፤ ሎይድ ቦታ ይዞለታል። ከዚያ ኮረብታ ፖም ለቀማ ከሄዱት ወንዶች አንዳንዶቹ በየዓመቱ ዕቃ ጭነው ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ የሚመለሱት በስልክ ብቻ ነው። የኢቫድኒ የመጀመሪያ ልጅ በስልክ ከሚመለሱት አንዱ ነው።

ቅርንጫፉን ከሽርጧ አውጥታ ሽቦው ላይ መለሰችው። ከዚያ ባዶ በሆኑትና ባልተነኩት ሽቦዎች መካከል ገብታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

“በቃ!”

“እማዬ፣ ዞር በይ!” አለ ኦሼን። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ቆርቆሮውን ማንቀጥቀጥ ጀምሯል።

“አልዞርም። ይኼን የምትወስዱት መጀመሪያ እኔን ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁ ነው።”

“እሷን የሚችል ፌስታል የለንም” አሉ ማስ ራኒ እያለከለኩ። “ና እንሂድ፣ ያወረድነው ይበቃል!”

ሁለቱም የሞሉትን ፌስታሎች እየጎተቱ በኋላ በር ወጡ። አገዳው ሲንኮሻኮሽ ሰማች፤ ቀጥሎ ከሄሊኮፕተሩ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። ልክ ከራሷ በላይ ሆነ። ቅርንጫፎቹ ይወዛወዛሉ፤ አቧራ ከጣሪያው ይራገፋል። ከዳዊት የምታውቀውን ጀመረችና መካከሉ ጠፋባት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እጇን ግን አላጠፈችም።

ድምፁ አልፎ ሄደ። ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወረደና ጸጥ አለ።

ብዙ ቆይቶ ኦሼን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።

“ወታደሮች አይደሉም” አለ።

“ማን ናቸው ታዲያ?”

“ሙሽሮች።”

“ምን አልክ?”

“የሆቴሉ ሙሽሮች። ኮረብታውን ከኋላ አድርገው ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት። የሙሽራይቱ ቬሎ የሜዳው ሣር ላይ ተዘርግቶ፣ የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ከብበዋት…”

ኢቫድኒ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋ መጣ። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመ።

“ፌስታሉስ?”

“አጎቴ ገና ይቆይ አሉ።”

ማስ ራኒ ከኋላው ብቅ አሉ። “አዎ ይቆያል! ከሙሽራ በኋላ ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?”

“ሚዜ ነዋ!” አለች ኢቫድኒ እየጮኸች። “ሚዜ ነው የሚመጣው! እርጥብ ነገር እኮ ነው የጠቀጠቃችሁት፣ ማስ ራኒ! አሁኑኑ አምጡልኝ!”

ግን አልሆነም። ገና ይህን ስትል የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን መታ። በዚያ ወር እንደሚዘንበው፣ ሰማይ እንደተቀደደ ሆኖ ዘነበ። ሸለቆው ሞልቶ ወደ አገዳው የሚሻገሩበት ድንጋይ ከዓይን ጠፋ። ሰው የማይደፍረው ቀይ ጎርፍ በእነርሱና በፌስታሎቹ መካከል ወረደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎርፉ ሲጎድል ኦሼን ተሻግሮ ፌስታሎቹን በትከሻው አመጣቸው። አንዱን በረንዳው ላይ ሲፈታው ከውስጡ እንፋሎት ወጣ፤ እጅ ሲገባበት እንደ ትኩስ ሊጥ ይሞቃል። ሽታው የበረት ሽንት ነው። እምቡጦቹ ጠቁረው ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ነጭ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር አድርቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ሌሎቹን መፍታት አላስፈለገም።

ማስ ራኒ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል።

ኦሼን ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጭቃ እጁን እያየ ቆየ። “በገዛ እጄ” አለ። “ዓመቱን ሙሉ አጠጥቼ፣ ትል ለቅሜ፣ በገዛ እጄ ገደልኩት። ለሎይድ ልደውልለት ነው፣ እማዬ።”

“ግማሹ አለ።”

“ግማሹም ይበሰብሳል። አየሩን አታዪውም? ግድግዳው እንኳ ያልበዋል።”

“ሎይድ ስም የሚያስገባው እስከ ዓርብ አይደል ያልከኝ? የሚመጣው ዓርብ ሳይሆን የሚቀጥለው?”

“ነው።”

“እንግዲያው እስከ ዓርብ የእኔ ልጅ ነህ። ተነስና ሽቦ ዘርጋልኝ።”

ወደ ማድረቂያው ስትገባ የባዶዎቹ ሽቦዎች ዕርቃንነት ዓይኗን ወጋው። ቆማ እያየቻቸው ሳለ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተሰማት። ንፋስ ነው። ቀጭን፣ ከአንዱ ፍርግርግ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ንፋስ። ቤቱ ሙሉ በነበረ ጊዜ ያ ንፋስ አልነበረም። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ነበር የተሰቀለው፤ አንድም እንዳይቀር ብላ በስስት አጨናንቃው ነበር። በዚህ ዝናብ ያ ሁሉ ተጠጋግቶ ቢሰነብት ኖሮ አንዱ ለሌላው ሻጋታውን ያቀብለው ነበር።

“አራርቀው” አለች ለኦሼን። “የተረፈውን በቤቱ ሙሉ በትነው። በአንዱና በአንዱ መካከል የእኔ እጅ ይግባ።”

“ያንቺ እጅ ከገባማ የፈረስ ጋሪም ይገባል” አሉ ማስ ራኒ ከበሩ። ከሐዘናቸው መለስ ማለታቸው ነው። አገጫቸውን አከኩ። “እንግዲህ ቦታውን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ። ይህም ይታሰብልኝ።”

“ምን?”

“ባላወርደው ኖሮ ይበሰብስ ነበር። ራስሽ አሁን ያልሽው ነው።”

“እኔ ምንም አላልኩም!”

“ፊትሽ ብሎታል።”

ኦሼን ሳይወድ ሳቀ። ከጎርፉ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ኢቫድኒ ሰማችው፤ እንዳልሰማች ሆና ሽቦውን አጠበቀች።

ዝናቡ አላቆመም። ኢቫድኒ በዝናቡ በኩል ያለውን ፍርግርግ በጆንያ ሸፈነች፤ በወዲያኛው በኩል ያለውን ከፈተች። ንፋሱ ሲዞር ጆንያውን አወለቀችና ወደ ሌላው ጎን ወሰደችው። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ወለሉ ላይ ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠቻት፤ አየሩን እንድታንቀሳቅስ እንጂ እምቡጦቹ ላይ እንዳትነፍስ። የዳቦ ፍሬ እየጠበሰች ትነሳና ሄዳ ታያለች፤ ልብስ እያጠበች በአረፋ እጇ ትሄዳለች። እምቡጥ በእምቡጥ ከፍታ ሻጋታ ትፈልጋለች። አንድ ነጭ ነገር ባየች ቁጥር ልቧ ዱብ ይላል፤ ቀረብ ስትል የራሱ የአበባው ሙጫ ሆኖ ታገኘዋለች።

“ከሰል እናንድድበት” አሉ ማስ ራኒ አንድ ቀን። “እኔና ሌስሊ በከሰል በአንድ ጀምበር እናደርቅ ነበር።”

“ጢስ ጠጥቶ ሚስ ቻንግ ፊት ሊቀርብ? ዓሣ አይደለም እኮ።”

“ልጅ ከማሳደግ በምን ተለየ ታዲያ? አሁንማ ክርስትና አንሺው።”

“ልጅስ ቢሆን” አለች ኢቫድኒ፤ “የቸኮሉበት ልጅ የት እንደሚደርስ አይቻለሁ።”

ማስ ራኒ ስለ ትልቁ ልጇ እንደሆነ ገባቸውና ከሰሉን ዳግም አላነሱም።

አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ ዶሮዎቹ ከወለሉ ሥር ሲወጡ፣ ገብታ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ጫፍ አጎበጠች። ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ያዘች። ቀጭ። በሽቦው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች ሰበረች፤ ሁሉም መለሰላት። ወጥታ በረንዳው ላይ ዓሣና ቂጣ ይዘው ቁርስ የሚበሉት ሁለት ወንዶች ፊት የተሰበረ ጫፍ ያዘች፤ እንደገና ጆሯቸው ሥር ሰበረችው። ኦሼን ማኘኩን አቆመ።

ከዚያ መቀስ ያዙ። ትርፍ ቅጠሉን ከርክመው፣ ጣታቸው በሙጫ ሲያያዝ በኮኮናት ዘይት እያሹ፣ እምቡጦቹን ኦሼን ከሆቴሉ ወጥ ቤት ባመጣቸው አፈ ሰፊ ብልቃጦች ውስጥ ከተቱ። ኢቫድኒ እስከ አፉ አልሞላችም፤ የሚተነፍስበት ቦታ ተወችለት። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ብልቃጦቹን ጨለማ ባለበት ከአልጋዋ ሥር ደረደረቻቸው።

በማግስቱ ስትከፍተው ድርቆሽ ሸተታት።

ክዳኑን ይዛ እንደተንበረከከች ቀረች። ያው የአምናው ሽታ ነው፤ የደረቀ ሣር፣ የዝሆን ሣር፣ የበረት ወለል። ማስ ራኒ አጎንብሰው አሸተቱ።

“የፈረስ ቁርስ” አሉ። ሊያስቁ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

“ሚስ ቻንግ እንዲህ ይሆናል ብላኛለች” አለች ኢቫድኒ። “መጀመሪያ ሽታው ይጠፋል፤ ከታገሡት ይመለሳል ብላኛለች። ይስከን።”

“ካልተመለሰስ?” አለ ኦሼን።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። የኦሼን ሻንጣ በሩ ጥግ ቆሟል፤ ከሎይድ የተዋሰው ወፍራም ቦቲ ጫማ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ብልቃጦቹን ስትከፍት ያ ቦቲ ፊቷ ነው። ክዳኑን ታነሳለች፣ የታፈነውን አየር ታስወጣለች፣ ብልቃጡን ቀስ ብላ ታዞራለች፣ ትዘጋለች። ድርቆሽ። ነገም ድርቆሽ። አፍንጫዬ ነው እንዴ ብላ ዝንጅብል ቀጥቅጣ አሸተተች፤ አፍንጫዋ ደህና ነው።

ለሎይድ ዓርብ አንድ ቀን ሲቀር፣ ሚስ ቻንግ ትመጣለች በተባለበት ሐሙስ ጠዋት ኢቫድኒ እንደ ልማዷ ተንበርክካ የመጀመሪያውን ክዳን አነሳች። ልታዞረው ስትል ቆመች። አፍንጫዋን አስጠግታ ሳበች። ድርቆሹ የለም። በቦታው የበሰለ ዘይቱን ልጣጭ፣ ከሥሩ የብርቱካን ቆዳ፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርግ ቁንዶ በርበሬ መጣ። ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

“ኦሼን! ና እስቲ!”

ሱሪውን እየታጠቀ መጣ። ብልቃጡን ሰጠችው። አሸተተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፍቶ አሸተተ።

“ይኼ የእኛ ነው?” አለ።

“የማን ይሁን?”

ብልቃጦቹን ወደ ማድረቂያው ቤት ወስደው ሲጨርሱ፣ ከቀትር በፊት ሚስ ቻንግ ደረሰች። መኪናዋን መንገዱ ዳር አቁማ የማድረቂያውን ቤት ዞረች፤ በሩን ከፊት ብትፈልግ የለም። ጭቃውን፣ የዶሮውን ቤትና የሙዙን ሥር አቋርጣ በኋላ በር ስትገባ ነጭ ጫማዋ ነጭ መሆኑ ቀርቷል።

“ሚስ ቫድኒ፣ ሰው ወደ እርስዎ ቤት እንዳይገባ ነው እንዴ በሩን እንዲህ ያደረጉት?”

“እንዲወጣ ነው የተደረገው” አሉ ማስ ራኒ።

ኢቫድኒ ወንበር አቀረበችላት፤ ብልቃጡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ጠዋቱን ሙሉ ልትናገር ያሰበችው ብዙ ነገር ነበራት፤ ስለ ጎርፉ፣ ግማሹ ስለጠፋበት ምክንያት። ሁሉንም ትታ በአገጯ ወደ ክዳኑ አመለከተች። ኦሼን ግድግዳውን ተደግፎ እጁን ኪሱ ውስጥ ቀበረ።

ሚስ ቻንግ ክዳኑን አነሳች። አላሸተተችም ገና፤ ሽታው ራሱ መጣላት። ቅንድቧ ተነሳ። አንድ እምቡጥ አውጥታ በጣቶቿ ጫን ስትለው ጎድጎድ አለላት፣ ስትለቀው ቀስ ብሎ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ቆረሰችው፤ ዱቄት አልሆነም። ከቁራሹ ጠቀለለችና ለማስ ራኒ ሰጠቻቸው።

“እርስዎ የዚህ ኮረብታ ትልቅ ሰው ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ።”

ማስ ራኒ ለኮሱ። ሳቡ። ሁሉም የሚያውቁትን ሳላቸውን ቢጠብቁ አልመጣም። እንደገና ሳቡ። አመዱን አዩ፤ ነጭ ነው፤ በወጉ ያልደረቀ ቢሆን ይጠቁር ነበር። ቀና ብለው በፍርግርጉ የሚገባውን ብርሃን ሲያዩ ቆዩ።

“እንዴት ነው?” አለች ሚስ ቻንግ።

“ጉሮሮዬን አልያዘኝም” አሉ ማስ ራኒ እንደሚወነጅል ሰው ሆነው። “ዕድሜ ልኬን ሳጨስ ኖርኩ፤ የገዛ ተክላችንን ጣዕም ግን አላውቀውም ነበር ማለት ነው።” ዞር ብለው ኢቫድኒን አዩ። “ሌስሊ ይህን ሳይቀምስ ሞተ፣ ቫድኒ።”

ሚስ ቻንግ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የንግድ ሳቅ አልነበረም። “እወስደዋለሁ። ያለውን ሁሉ። ላይኛው መደርደሪያዬ ላይ በራሱ ስም ይቀመጣል። ቅዳሜ የቱሪስት መርከብ ስለሚገባ ዛሬውኑ ልጫነው። የሚመጣውንም ዓመት ምርት በሙሉ ለእኔ ያድርጉልኝ።”

ኦሼን እጁን ከኪሱ አወጣ። ብልቃጥ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

“ዛሬ አይሆንም” አለች ኢቫድኒ።

ኦሼን እንደጎነበሰ ቀረ። ማስ ራኒ ጢሱ ተናነቃቸውና ያ የጠፋው ሳል አሁን መጣ።

“እማዬ!”

“አልሰከነም።” ፊቷን ወደ ሚስ ቻንግ መለሰች። “ሽታው የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ሚስ ቻንግ። ገና እግሩን እያነሳ ነው። እኛ እዚህ ሁሉን ነገር ከነእርጥቡ፣ ከነጥሬው ይዘን ስንሮጥ ነው የኖርነው። ይኼን አልሮጥበትም። ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆይና ይውሰዱት።”

“አሁን ሱቄ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል እኮ!”

“እንግዲያው ያኔ ምን እንደሚሆን ያስቡት።”

ሚስ ቻንግ ብልቃጡን፣ ከዚያም ኢቫድኒን አየች። ክዳኑን ራሷ ገጥማ መለሰችላት። “አምና የሚያባርራችሁ ያለ ይመስላል ያልኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ የማባርረውም እኔ ሆንኩ” አለች። “እሺ፤ መደርደሪያውን ባዶ አቆየዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ‘ኮረብታው ላይ ያለችው ሴት አልፈቀደችልኝም’ እላለሁ። ይኼ ራሱ ይሸጠዋል።”

እጅ ተጨባበጡ። ገና እጃቸው ሳይላቀቅ ድምፁ መጣ። ከኮረብታው ጀርባ፣ ያው ማጉረምረም።

የማስ ራኒ እጅ ወደ ብብታቸው ሄደ። የኦሼን ዓይን ከብልቃጦቹ ወደ ኋላ በር፣ ከኋላ በር ወደ ብልቃጦቹ ተመላለሰ። ቆርቆሮው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኢቫድኒ ልቧ ሲደልቅ ሰማችው፤ ልብ እንደሆን መቼም አይማርም። እጇ ግን ለማናፈስ ከፍታ የተወችውን ብልቃጥ አነሳ፤ በዕርጋታ ወደ ብርሃኑ ይዞ አዞረው፤ እምቡጦቹ ተንከባለሉ። ሄሊኮፕተሩ ከራሳቸው በላይ ሆኖ እያለፈ ክዳኑን ገጠመችና ጠምዝዛ ዘጋችው።

“ሙሽራ ናት” አለች።

“ደግሞ?” አሉ ማስ ራኒ፤ እጃቸውን ባዶውን ከብብታቸው አወጡ። “ይህ ሁሉ ሰው የሚጋባው እኛን ለማስደንገጥ ነው እንዴ?”

ሚስ ቻንግን እስከ መኪናዋ ሸኟት፤ በዶሮው ቤት፣ በሙዙ ሥር፣ በጭቃው። በመንገዱ ላይ አንዴ አዳለጣትና ኦሼን ክንዷን ደግፎ አሻገራት። መኪናው ቁልቁል ወርዶ ከታጠፈ በኋላ ኦሼን ስልኩን አወጣ።

“ሎይድ፣ እኔ ነኝ” አለ። “ቦታዬን ለአማችህ ስጠው። … የለም፣ አልታመምኩም። … ቦቲውን ማታ አመጣልሃለሁ። … ሥራ አለኝ አልኩህ እኮ!”

ኢቫድኒ ፊቷን ወደ ማድረቂያው ቤት አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይ። መንገድ ላይ ቆማ ያንን ቤት ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ መሰላት። ሠላሳ ዓመት ያህል በፊቱ አልፋለች፤ ከመንገዱ በኩል ሲታይ ጀርባውን ሰጥቶ ያኮረፈ ሰው ይመስላል። ሽታው ግን በሳንቃው መካከል አልፎ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። በአህያ ቦዬ ጭኖ የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን አነሳ፤ ኮፍያውን ነክቶ ሰላምታ ሰጣትና አለፈ።

“ኦሼን” አለች።

“አቤት፣ እማዬ።”

“የአባትህ መጋዝ የት ነው ያለው?”

“አልጋሽ ሥር። ለምን?”

ወደ ሳንቃው ተጠግታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችና የሚያስተጋባበት ቦታ ላይ ቆመች። “እዚህ ጋ በር አውጣልኝ። ወደ መንገዱ።”

ማስ ራኒ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። የሌስሊን ቃል ሊያነሱ አፋቸውን ከፈቱና ሌላ ቃል ወጣቸው። “ማጠፊያው በየት በኩል ይሁን?”

“በግራ። ንፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው።”

ኦሼን መጋዙን ይዞ መጣ፤ ዝገቱን በሱሪው ጠረገ። ሳንቃው ላይ በከሰል መስመር አሰመረና ራቅ ብሎ አየው። “ሰፋ ይበል ወይስ ይበቃል?”

“ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ሳይጎነብስ የሚገባበት ይሁን።”

“የኋላውስ?” አሉ ማስ ራኒ። ሚስማርና መዶሻ ከወዲሁ በእጃቸው ነበር። “ልምታው? ልድፈነው?”

ኢቫድኒ አሰበች። በዚያ በር ሌስሊ ስንት ጊዜ ሮጦ እንደወጣ፣ አንዴ እንዴት ሆኖ እንደተመለሰ አሰበች። ከዚያ ባዶዎቹ ሽቦዎች መካከል ቆማ ፊቷ ላይ የተሰማት ያ ቀጭን ንፋስ ትዝ አላት።

“ይተዉት” አለች። “ከእንግዲህ በእሱ የሚወጣው ንፋስ ብቻ ነው።”

ኦሼን መጋዙን ሳንቃው ላይ አሳረፈና ሳበ።